ለሥነ ጥበብ ትምህርት ስንሟገት የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ልጆች ሥነ ጥበብ ይማሩ» ሲባል የሚቃወም የለም። በስብሰባው ላይ ሁሉም ይስማማል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሲወጣ ግን ሥዕልና ሙዚቃ የሉበትም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአጠያየቃችን ይጀምራል።

«ሙዚቃ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይጎብዛል» ማለት። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት ወጣ። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ ቅርጽን በአእምሮ ማገላበጥን በሚፈትኑ ጥያቄዎች የተሻለ ውጤት አመጡ። ለውጡ የቆየው ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነበር። ወሬው «ሞዛርት ሕፃናትን ብልህ ያደርጋል» ሆኖ ዓለምን አዳረሰ። ጥናቱ ውስጥ አንድም ሕፃን አልነበረም! እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዘን ከቀረብን፣ አንድ ጠንቃቃ ሰው ሲመረምረው ጥያቄያችንም አብሮ ይወድቃል። ደግሞስ ርእሰ መምህሩ «ዓላማው ሒሳብ ከሆነ የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ እንጨምር» ቢሉ ምን እንመልሳለን? ሥዕል ራሱ የሚያስተምረውን እንናገር። ልጁ አንድን ነገር ረጋ ብሎ ማየት ይለምዳል። ያልጣመውን እንደገና ይሠራል። አንድ ትክክለኛ መልስ በሌለበት ቦታ ራሱ ይወስናል።

«ትኩረት ይሰጠው» ብሎ መጠየቅ። ትኩረት አይቆጠርም። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ? ማን ያስተምር? የቀለሙ ወጪ ከየት ይምጣ? ይህን በጽሑፍ ይዞ፣ በጀቱ ሳይጸድቅ መሄድ ነው። ከጸደቀ በኋላ የሄደ «ለከርሞ» ተብሎ ይመለሳል።

ጎበዞቹን ብቻ ማሳየት። በዓመቱ መዝጊያ ምርጥ ሥዕሎች ይሰቀላሉ፤ ወላጅ አይቶ «የኔ ልጅ ተሰጥኦ የለውም» ብሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ግን በአንቀጽ 31 በኪነ ጥበብ የመሳተፍን መብት የሰጠው ለሁሉም ልጅ ነው። የአንድ ጀማሪ የመጀመሪያ ሥዕልና ከወራት በኋላ የሣለው ጎን ለጎን ይሰቀሉ። ትምህርት መሆኑ ያኔ ይታያል።

በበጎ ፈቃደኛ ላይ ብቻ መደገፍ። የሰፈር ሙዚቀኛና ሠዓሊ በነጻ ሲያስተምሩ ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ዓመታት በነጻ ከሄደ፣ በጀት ያዡ «ያለ ገንዘብም ይሠራል» ብሎ ይደመድማል። ባለሙያው ሲደክመው ትምህርቱም ይቆማል። ስለዚህ የነጻው ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላም ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ይፈረም።