የግቢን ሳር በውሃ ብዛት የሚያጠፉ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ፣ የግቢያቸው ሳር ቢጫ የሆነባቸው ሰዎች ጥፋቱን በፀሐይ ያሳብባሉ። ለሥራ በምጠራባቸው ብዙ ግቢዎች ግን ሳሩን የገደለው ውሃ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሳሩ በገረጣ ቁጥር ተጠምቷል ብሎ ውሃ መጨመር ነው። ሥር አየር ይፈልጋል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ዘወትር በውሃ ከተሞላ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ሳሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። ባለቤቱ መጠውለጉን ሲያይ ጎማውን እንደገና ይከፍታል። ሲኤምሲ አካባቢ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚጠጣ ሳር እንዳይ ተጠርቼ፣ ጥቁሩን አፈር በአካፋ ቆርጬ ስገለብጠው የረግረግ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሥሩን በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቡናማው ልጣጭ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ እጄ ላይ ቀረ። የቤቱ እመቤት «ልጄ፣ እኔ እኮ አንድ ቀን አስጠምቼው አላውቅም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። እባካችሁ፣ ጎማ ከመክፈታችሁ በፊት አፈሩን መርምሩ! ረጅም ካቻቢቴ መሬቱ ላይ ስትጫኑት ሳይቸገር ከገባና ጭቃ ይዞ ከወጣ ሳሩ አልተጠማም። የተጠማ ሳር ቀለሙ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ሲረገጥም ቶሎ ቀና አይልም።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍም ሌላው ጥፋት ነው። እርጥበቱ ከላይ ብቻ ስለሚቀር ሥሩ ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት አይኖረውም፤ እርጥብ መሬት የሚወደው እንግጫም ሳሩን እየገፋ ቦታውን ይይዛል። በበጋ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ከጠጣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል፤ ይህም ለ100 ካሬ ሜትር 2,500 ሊትር ማለት ነው። መጠኑን ለማወቅ ባዶ ጣሳዎችን ሳሩ ላይ አስቀምጦ የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ጥቁር አፈር ቀስ ብሎ ስለሚመጥ ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ጎማውን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅና እንደገና መቀጠል ይገባል።

አዲስ የተተከለ ሳር ሥር እስኪሰድ ድረስ ቶሎ ቶሎ ውሃ መፈለጉ እውነት ነው፤ ስህተቱ ሥር ከሰደደ በኋላም በዚያው መቀጠሉ ነው።

ማታ ማጠጣት ቅጠሉን ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ስለሚያደርገው ለፈንገስ በሽታ ያጋልጠዋል፤ ማለዳ ይሻላል። በክረምት ከልማድ የተነሳ ጎማ የሚከፍት አትክልተኛ ካለ በግልጽ ይከልከል። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ከቤቱና ከአጥሩ መሠረት አጠገብ ውሃ እንዲቋጥር መፍቀድ ግድግዳን ይሰነጥቃል።

ሳሩ አስቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ውሃውን አቁሙ፤ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ አትርገጡት፣ አትጨዱትም። ላዩ ጠፈፍ ሲል በመንሽ ወጋ ወጋ አድርጉትና አየር ይግባበት። ቢጫነቱን አይታችሁ ዩሪያ ለመበተን አትቸኩሉ፤ የታመመው ሥር ማዳበሪያውን መውሰድ ስለማይችል ነጭ አዲስ ሥር ማውጣቱን ቆፍራችሁ እስክታዩ ድረስ ጠብቁ።