ማህተም ያለው ደብዳቤ ቴሌግራም ላይ ሲመጣ እንዴት ይጣራል?

አያት፣ ጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ያለን ሰዎች የመንግሥትን ወሬ ቀድመን የምንሰማው ከብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የሚመጣውም በደብዳቤ ፎቶ ነው። ቤት ይፈርሳል ይላል። ካርታ ይታደሳል ይላል። ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ጣቢያችሁ ተቀይሯል ይላል። የግሩፓችን አድሚን ስለሆንኩ "እውነት ነው?" የሚባለው እኔው ነኝ። አሠራሬ ይኸው።

መጀመሪያ፣ አትላኩት። "እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ለጥንቃቄ ነው" ብሎ መላክም መላክ ነው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎታል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል።

ቀጥሎ ቀኑን እዩ። በእኛ አቆጣጠር 31 የሚባል ቀን የለም፤ "ጥቅምት 31" የሚል ደብዳቤ ከመጣ ነገሩ እዚያው አለቀ። እሁድ ወይም በዓል ቀን የተጻፈም ያጠራጥራል።

ከዚያ ራስጌውን። እዚህ ጋ ዳር መኖር ራሱ ያደናግራል፤ ማን እንደሚያስተዳድረን እርግጠኛ ያልሆነ ጎረቤት ሞልቷል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ በሆነው ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ስለዚህ ዛሬ "የቡራዩ ከተማ አስተዳደር" በሚል ራስጌ አዲስ ደብዳቤ ከመጣ፣ አንዱ አሮጌ ወረቀት አውጥቶ ቀን ቀይሮበት ሊሆን ይችላል። የሸገር መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ሲመጣም ቆም በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. ነው። ወደ እሱ ከተካተታችሁ፣ የድሮ ክፍለ ከተማችሁን ስም የያዘ አዲስ ደብዳቤ እንደዚያው ይታይ።

ሙሉ በሙሉ የተፈበረከ ደብዳቤ ብዙ አያስቸግርም። የሚያደክመው እውነተኛ ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ብቻ የተቀየረበት ነው። ማህተሙ ትክክል፣ ፊርማው ትክክል፣ ቲተሩ ትክክል። ፎቶውን አጉሉና የፊደሉን መጠን፣ የመስመሩን ክፍተት አነጻጽሩ። ከተቀየረው መስመር ጀርባ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከሌላው ይነጣል። በእጅ የተመታ ማህተም አንድ ጎኑ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል፤ በኮምፒውተር የተሠራ ግን ብዙ ጊዜ ዙሪያውን እኩል ነው። ችግሩ፣ ደብዳቤው በስልክ ስካነር ካለፈ አብዛኛው ምልክት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ማጉላት ላይ አትክረሙ። ቻትቦት መጠየቅ ደግሞ ጭራሽ አልመክርም። መዝገብ ቤቱን አላየም፣ ግን በሙሉ ልብ ይመልስላችኋል።

የሚያዋጣው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መከተል ነው። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ከሆነ ቴሌግራም ብዙ ጊዜ የቻናሉን ስም ከላይ ያሳያል፤ ንኩት። ዩዘርኔሙን ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ትንሹ ኤል እና ትልቁ አይ ለዓይን አንድ ናቸው። ስክሪንሾት ብቻ ከሆነ የላከውን ሰው ጠይቁ፣ ግን በውስጥ መስመር። "ጋሼ፣ ይቺን ደብዳቤ ማን ላከልዎት?" ይበቃል። ትልቅ ሰውን ግሩፕ ላይ "ውሸት ነው" ካላችሁ ክርክሩ ከደብዳቤው ወጥቶ ክብር ላይ ይወድቃል። በዚህ መንገድ ወደ ኋላ ስትሄዱ ወይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ታገኛላችሁ፣ ወይ "እኔም ግሩፕ ላይ ነው ያየሁት" የሚል።

ይሄም ካልፈታው ቁጥሩንና ቀኑን ጽፋችሁ ደብዳቤውን አወጣ የተባለው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሂዱ። ወጪ ደብዳቤ ይመዘገባል።

የምርጫ ነገር ሲሆን ግን ጊዜ የለም። ስሎቫኪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ምርጫው 2 ቀን ሲቀረው፣ የፓርቲ መሪው ሚሃል ሺሜችካ ምርጫ ስለማጭበርበር ሲያወራ የሚያስመስል የተቀነባበረ ድምፅ ተለቀቀ። ወቅቱ ቅስቀሳ የተከለከለበት ስለነበር ማስተባበሉ ከባድ ሆነ። የእኛም ሕግ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ ይከለክላል፤ እነዚያን ቀናት በተለይ ተጠንቀቁ። ጣቢያ ተቀየረ ከተባለ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድን ወይም የተመዘገባችሁበትን ጣቢያ ጠይቁ። ውጤት ወጣ ከተባለም በምርጫ ጣቢያው ከተለጠፈው ወረቀት ጋር አስተያዩት።

የመጨረሻው ሥራ የማጣራቱን ውጤት ግሩፑ ላይ መጻፍ ነው፤ እውነት ሆኖ ሲገኝም። ብዙ አድሚን ይሄን ይዘላል። እኛ ሰፈር ፎርጅድ ሲበዛ ሰው እውነተኛውንም ማንበብ ተወ፤ የነዋሪዎች ስብሰባ የተጠራበት ትክክለኛ ደብዳቤ "ያው የተለመደው ነው" ተብሎ ታለፈ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ስለ መንገዳችን የተወሰነው እኛ በሌለንበት ነው። ለባለሥልጣንም ይመቻል፤ የማይፈልገው እውነተኛ ደብዳቤ ሲወጣበት "ፎርጅድ ነው" ብሎ ይገላገላል። ስለዚህ "እውነት ነው፣ መዝገብ ቤት ጠይቄ ነው፣ ቀኑ ይሄ ነው" ብላችሁ ጻፉና ፒን አድርጉት።

ሐሰተኛ ከሆነ ደግሞ "ሐሰተኛ" የሚለውን ቃል ፎቶው ላይ በትልቁ ጻፉበት፣ ማህተሙን ጭምር አቋርጦ። ከሥር በጽሑፍ ብቻ ካስቀመጣችሁት፣ ቀጣዩ ሰው ፎቶውን ብቻ ቆርጦ ይልከዋል።