100ውን 99 አድርጉት፣ ፋኑ ዝም ይላል

ሁለት ገጽ ብቻ ከፍታችሁ የላፕቶፓችሁ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ ከሆነ፣ ፋን ከማስቀየራችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ የሚለውን ክፈቱ። ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት ስር ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት 100 ይላል። ባትሪም ሶኬትም ላይ 99 አድርጉት። (ማይክሮሶፍት ለምን እዚያ ጥግ እንደቀበረው እሱ ይወቅ።)

የአንድ ፐርሰንት ነገር እንዳይመስላችሁ። በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ከ100 ሲወርድ ተርቦ ቡስት (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበት) ይጠፋል። ለምሳሌ ኮር አይ 5 8250ዩ የሚባለው ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ በቡስት እስከ 3.4 ይዘላል። ሙቀቱን የሚያመጣው ያ ዝላይ ነው። ወርድ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታወቀውም።

ጅማ ላይ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋኑ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ይበልጥ መሽከርከር አለበት።

ቪዲዮ ስታቀናብሩ ወይም ከበድ ያለ ጌም ስትጫወቱ ግን ይንቀራፈፋል፤ ያኔ ወደ 100 መልሱት። የአየር መውጫው በአቧራ ከተደፈነም መጀመሪያ እሱን አስጠርጉ። ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ ፊልም የምታዩ፣ እናንተን 99ም አያድናችሁም።