ቀዩን ቧንቧ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፦ እንግሊዝ አገር አዲስ ለገባችሁ

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው የእናቴ ቤት ሆኜ ነው። ለእረፍት መጥቻለሁ። ትናንት ማታ የኮምቦልቻዋ የአክስቴ ልጅ ከእንግሊዝ ደወለችልኝ። ከሄደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። «ወንድምዬ፣ እዚህ ሰው እጁን እንዴት ነው የሚታጠበው? አንዱ ቧንቧ ያቃጥላል፣ አንዱ ያደነዝዛል» አለችኝ። «አብሽሪ» ብዬ ያስረዳኋትን ለእናንተም ልጻፈው።

ብዙ የቆዩ የእንግሊዝ ቤቶች የእጅ መታጠቢያቸው ላይ ሁለት የተለያዩ ቧንቧዎች አሏቸው። ሙቁ አብዛኛውን ጊዜ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ ነው። ነገሩ ምክንያት ነበረው። ቀዝቃዛው ከመንገድ መስመር በቀጥታ፣ በኃይል ይመጣል። ሙቁ ግን ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ታንከር ወርዶ፣ በማሞቂያ በርሜል አልፎ ነው የሚደርሰው። ሮቶ ያለው የደሴ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ ከላይ በራሱ ክብደት የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ደካማ ነው። ታንከር ውስጥ ደግሞ አቧራም ሌላም ነገር ሊገባ ይችላል። ያ ውሃ ወደ መጠጥ መስመሩ ተመልሶ እንዳይቀላቀል ነው ሁለቱን ለይተው የኖሩት። ዛሬ ብዙ ቤት የመስመሩን ውሃ እዚያው የሚያሞቅ ቦይለር ገብቶለታል። የድሮው ቧንቧ ግን እንዳለ ቀርቷል።

ስለዚህ የምትጠጡትን ውሃ ከኩሽናው ቀዝቃዛ ቧንቧ ቅዱ። ከሙቁ ቧንቧ ለሻይም ቢሆን አትቅዱ።

ሙቀቱን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። በበርሜል የሚጠራቀም ውሃ 60 ዲግሪ ላይ እንዲቀመጥ ይመከራል፤ ሳንባ የሚያጠቃው ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ እንዳይራባበት ነው። 60 ዲግሪ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል፣ የሕፃን ቆዳማ ከዚያም ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ለሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች የገላ መታጠቢያ ገንዳው ሙቅ ውሃ ከ48 ዲግሪ እንዳያልፍ ደንብ ወጥቷል። አዲስ የገባ ሰው የሚከራየው ግን ብዙ ጊዜ አሮጌ ቤት ነው።

ታዲያ እንዴት እንታጠብ? ዛሬ ሌሊት እናቴ ለሱብሒ ስትነሳ አየኋት። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ጨመረች። ከዚያ የፈላውን በትንሽ በትንሹ አፈሰሰችበት። በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው፣ ጥቂት ጨመረች፣ እንደገና ነካችው። ለብ ሲል ወደ ማንቆርቆሪያው ገለበጠችው። ሁለት ቧንቧ ያለው መታጠቢያም የተሠራው ለዚሁ ነው። በሰንሰለት የተንጠለጠለውን መድፈኛ ክተቱ፣ ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፣ ሙቁን አስከትሉ። የጋራ ቤት ከሆነ መታጠቢያውን አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡት። በወራጅ ውሃ ውዱእ ለማድረግ ደግሞ እዚያው አጠገብ ማንቆርቆሪያ አስቀምጡ።

ሚክሰሩ፣ ማለትም ሙቅና ቀዝቃዛውን ቀላቅሎ በአንድ አፍ የሚያወርደው፣ በእርግጥ ይቀላል። በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ለብ ያለውን ወዲያው ታገኛላችሁ። ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው። እጀታውን መሃል ላይ ትታችሁ ከከፈታችሁ ሙቅ ውሃ እየጠራችሁ ነው። ጣታችሁን ለማለቅለቅ ብቻ ቦይለሩ ይነሳል፣ ጋዝ ይቆጥራል፣ ሙቁ ሳይደርስም ትዘጉታላችሁ። ለአጭር ነገር እጀታውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀዝቃዛው አዙሩት። አንዳንዱ የኩሽና ሚክሰር ደግሞ ውስጡ በሁለት የተከፈለ ነው፤ ውሃው የሚገናኘው ከአፉ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ግራው እያቃጠለ ቀኙ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሲበላሽም የውስጡ ዕቃ ልክ የዚያው ዓይነት መሆን አለበት። የድሮው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ርካሽ ጎማ መቀየር ይበቃዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ ሚክሰር፣ ያውም ሙቀቱን ራሱ የሚገድበው ዓይነት ይሻላል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሁለቱ ቧንቧዎች ምንም አይሏችሁም፤ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። የኪራይ ቤት ከሆነ በራሳችሁ እንዳትነኩት። አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ።

በጣሊያን በኩል ለምታልፉ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ አገር ቧንቧ ላይ «ሲ» የሚለው ፊደል ቀዝቃዛ ማለት ነው። ጣሊያን ግን «ካልዶ»፣ ሙቅ ማለት ነው። ፈረንሳይም እንደዚያው። ፊደሉን ሳይሆን ቀዩንና ሰማያዊውን ምልክት እዩ። ምልክቱ ከተፋቀ ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ በጣት ጫፍ ሞክሩ።

ከተቃጠላችሁ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ቦታውን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ሥር አቆዩት። እኛ ዘንድ እንደለመድነው የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ አትቀቡ፣ በረዶም አታድርጉበት። ምክር ከፈለጋችሁ 111 ደውሉ፣ ነፃ ነው። ሕፃን ከሆነ ወይም ቃጠሎው ከእጅ መዳፍ ከበለጠ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እናቴ የስልኩን ወሬ ሰምታ ኖሮ ዛሬ ከገበያ አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ገዝታ መጣች። ለአክስቴ ልጅ የማደርስላት ነው። ሻንጣው ውስጥ፣ ከበርበሬው አጠገብ፣ ራሷ አስተካክላ ከታዋለች።