ከጎንደር ሆናችሁ ለአሜሪካ ክሊኒኮች በፋክስ ማስታወቂያ እንዴት እንደምትልኩ

እኛ ጋ ፋክስ ሲባል ቢሮ ጥግ አቧራ የጠጣው ማሽን ነው ትዝ የሚለን፣ አሜሪካ ግን ብዙ የሀኪም ቢሮ ዛሬም በፋክስ ነው የሚሰራው፣ ሪፈሩም የላብ ውጤቱም በሱ ይሄዳል። ስለዚህ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ያለ ዘመዳችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ድርጅት ከፍቶ "ክሊኒኮች አግኙልኝ" ካላችሁ ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ በላፕቶፕ ልትሰሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ፈቃድ። ይቺን ስቴፕ እንዳትዘሏት። ተቀባዩ ያልጠየቀውን የማስታወቂያ ፋክስ መላክ እዛ በ1991 በወጣ ህግ ክልክል ነው፣ በ2005 የተጨመረው ህግ ደግሞ ቀድሞ የስራ ግንኙነት ላላችሁ ደንበኛ ብቻ ነው በሁኔታ የሚፈቅደው። ሰው ከከሰሰ ለአንድ ፋክስ 500 ዶላር ነው፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 1500 ይደርሳል፣ እና 200 ክሊኒክ ላይ ዝም ብላችሁ ብትበትኑ ዘመዳችሁን 100,000 ዶላር ውስጥ ልትከቱት ትችላላችሁ ማለት ነው። ኤንፒአይ ሬጅስትሪ የሚባለው የመንግስት የሀኪሞች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፣ የብዙዎቹ ስልክም ፋክስም አለበት፣ ግን ቁጥሩ ስለተገኘ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በስልኩ ደውሉ፣ ኦፊስ ማናጀሩን ጠይቁ፣ "ስለ አማርኛ አስተርጓሚ አንድ ገፅ በፋክስ ብንልክላችሁ ትፈቅዳላችሁ?" በቃ ይሄው ነው። እሺ ካሉ የፈቀደውን ሰው ስም፣ ቀኑንና የፋክስ ቁጥሩን ኤክሴል ላይ መዝግቡ።

ሰዓቱን ልብ በሉ፣ እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ሲከፍቱ እኛ ጋ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ በሌላው ጊዜ 11።

ቀጥሎ ገፁ። አንድ ገፅ ብቻ፣ ጥቁርና ነጭ። ፋክስ ፎቶ አይወድም፣ የፋሲል ግንብን ምስል ብታስገቡ ጥቁር ድፍን ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ግራጫ ጀርባም እንደዛው፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጉት።

እኔ በጣም የምጨነቀው ለመጀመሪያው አረፍተ ነገር ነው። "ምርጥ አገልግሎት እንሰጣለን" ብሎ የሚጀምር ወረቀት ማንም አያነበውም። እዛ ያሉ እናቶቻችን ሀኪም ጋ ሲሄዱ የስኳር መድኃኒታቸውን መጠን የ10 አመት ልጅ ነው አንዳንዴ የሚተረጉምላቸው፣ ይሄ ያሳዝናል አደገኛም ነው። ህጉም ቢሆን ከፌደራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ፣ ሜዲኬይድ የሚባለውን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚከፍል የመንግስት የጤና መድን የሚያስከፍለውን ጨምሮ፣ ለታካሚው በነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፣ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ህፃን ልጅ አስተርጓሚ አይሆንም ይላል። ስለዚህ በዚህ ጀምሩ፣ ከዛ በስልክ ነው በአካል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ትደርሳላችሁ፣ ዋጋው ስንት ነው የሚለውን ፃፉ። ከታች ሞልተው መልሰው ፋክስ የሚያደርጉት ትንሽ ፎርም አስገቡ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የክሊኒክ ስም፣ የታካሚ ስም ግን በጭራሽ እንዳትጠይቁ።

ገፁ ላይ የላኪው ስም፣ ስልክ፣ የተላከበት ቀንና ሰዓት መኖር አለበት። እንዲሁም "ሁለተኛ እንዳይላክልን" ለሚል ሰው ያለ ክፍያ የሚያሳውቅበት አሜሪካ ያለ የስልክና የፋክስ ቁጥር በግልፅ ይፃፍ፣ በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ መደበቅ አይሆንም።

ከዛ መላክ። ማሽን አያስፈልግም፣ በኢንተርኔት ፋክስ የሚልኩ ሰርቪሶች አሉ፣ ፒዲኤፉን ጭናችሁ ትልካላችሁ። መጀመሪያ ግን ለዘመዳችሁ ማሽን ላኩና የወጣውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፣ ስክሪን ላይ ያማረው ወረቀት ላይ ሌላ ነው። መልሳችሁ ልትደውሉላቸው የምትችሉትን ያህል ብቻ በቀን ላኩ፣ ምክንያቱም ስራ የሚመጣው በፋክሱ ሳይሆን ከሁለት ቀን በኋላ "ደረሳችሁ ወይ?" ብላችሁ ስትደውሉ ነው። የመድረሻ ሪፖርቱን አስቀምጡ።

አትላኩብን ያለ ካለ ህጉ ቢበዛ 30 ቀን ይሰጣችኋል፣ እናንተ ግን የዛኑ ቀን አውጡት፣ ሊስቱንም ለዘመዳችሁ ላኩለት እሱ በሌላ ሰው በኩል ደግሞ እንዳይልክባቸው።