የተቀበረ የባሕር ወንበዴ ሀብት ወሬ፦ አካፋ ከማንሳት በፊት እንዴት ይፈተሻል

በሩቅ ደሴት ላይ የባሕር ወንበዴ ሣጥን ሙሉ ወርቅ ቀብሮ ሄደ የሚል ወሬ እጃችሁ ከገባ፣ መጀመሪያ መቆፈር ያለበት ወሬው ራሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ፍተሻዎች ከርካሹ ወደ ውዱ የተደረደሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከወረቀት፣ ከእርሳስና ከስልክ ካልኩሌተር ሌላ ምንም አይፈልጉም፤ አብዛኛው ወሬም እዚያው ላይ ይወድቃል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መቼ ሆነ፣ መቼ ተጻፈ?

ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በአንዱ ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበትን ዓመት፣ በሁለተኛው ወሬው ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የታየበትን ዓመት፣ በሦስተኛው የጻፈው ማን እንደሆነና እንዴት እንዳወቀ አስፍሩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዓመት ከሁለተኛው ቀንሱ። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር በመሃል የተጨመረው ቅመም ይበዛል።

ለማነጻጸሪያ የካፒቴን ዊልያም ኪድን ጉዳይ ውሰዱ። ኪድ በጁን 1699 ከኒውዮርክ ብዙ በማትርቀው ጋርዲነርስ ደሴት ላይ ወርቅና ብር ቀበረ፤ የደሴቲቱ ባለቤትም ያውቅ ነበር። በጁላይ ቦስተን ላይ ተያዘ። ገዢው ቤሎሞንት ሰው ልኮ ዕቃውን አስወጣ፣ አስቆጠረ፣ አስመዘነ፣ ለማስረጃነትም ወደ ለንደን ላከው። በድርጊቱና በጽሑፉ መካከል ያለው ልዩነት ሳምንታት ብቻ ነው። ኪድ ሜይ 23 ቀን 1701 ለንደን ላይ ተሰቀለ። በመዝገብ የተረጋገጠው ቅብር እንግዲህ ገና ያኔ ባዶ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ይዘው የተቆፈሩት ጉድጓዶች ግን እስካሁን አላለቁም።

ሌሎቹን በዚሁ ሠንጠረዥ አስገቧቸው። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ያለችው ኦክ ደሴት ወሬ በ1795 ተጀመረ ይባላል፤ የሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ የኅትመት ዘገባዎች ግን የ1850ዎቹና የ1860ዎቹ ናቸው። ልዩነቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ነው። ፈረንሳዊው ወንበዴ ኦሊቪዬ ሌቫሰር በጁላይ 1730 ሬዩኒየን ደሴት ላይ ተሰቀለ። ገመዱ አንገቱ ላይ ሳለ ምስጢራዊ ጽሑፍ ወደ ሕዝቡ ወረወረ ይባላል፤ ያ ጽሑፍ ግን ታትሞ የወጣው በ1934 ነው። 204 ዓመት!

ልዩነቱን ካሰላችሁ በኋላ እጆቹን ቁጠሩ። በሞት አልጋ ላይ ያለ መርከበኛ ለጓደኛው ሰጠው፣ ጓደኛው ለወንድሙ ልጅ፣ እሱ ደግሞ ለአንድ ነጋዴ... ስም የሌለው እጅ ሁሉ የተበጠሰ ሰንሰለት ነው። እኛ ዘንድ ጣሊያን ሲወጣ ቀብሮት ሄደ የሚባለውን ወርቅ ወሬ የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ካርታው ሁልጊዜ አለ፣ ያየው ሰው ግን ሁልጊዜ የአጎት ጓደኛ ነው።

ድርሻውን አስሉ

ቀጥላችሁ «ካፒቴኑ ለብቻው ቀበረው» የሚለውን ፈልጉ፤ በብዙ ወሬ ውስጥ አለ። የወንበዴ መርከብ ግን የካፒቴኑ ርስት አልነበረም። በበርተሎሜው ሮበርትስ መርከብ ደንብ ካፒቴኑና ኮርተርማስተሩ፣ ማለትም ምርኮ አካፋዩ ሹም፣ ሁለት ሁለት ድርሻ ይወስዳሉ። የመርከቡ መሪ፣ የመርከበኞቹ አለቃና የመድፍ ኃላፊው አንድ ተኩል፣ ሌሎች ሹማምንት አንድ ከሩብ፣ ተራው መርከበኛ አንድ።

80 ሰው አድርጋችሁ ሞክሩት፦ ሁለቱ አለቆች 4፣ ሦስቱ ኃላፊዎች 4.5፣ አራት ሹማምንት 5፣ የቀሩት 71 ሰዎች 71፤ ድምሩ 84.5 ድርሻ። ምርኮው 10,000 ፓውንድ ቢሆን ለካፒቴኑ የሚደርሰው 237 ፓውንድ ገደማ ነው፣ ለተራው ሰው 118። ስለዚህ ወሬው ሁሉም ተቀበረ ካለ፣ የቀሩት 79 ሰዎች ለምን እሺ እንዳሉና ለምን ዝም እንዳሉ መናገር አለበት።

ምርኮው ምን እንደነበረም ጠይቁ። ኪድ በጃንዋሪ 1698 የማረካት ኬዳህ መርቻንት ሐር፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ኦፒየምና ብረት ጭና ነበር። ስኳርና ሐር ወደብ ወስደው የሚሸጡት እንጂ እርጥብ አፈር ውስጥ የሚያኖሩት ዕቃ አይደለም።

ሚዛን ላይ አውጡት

ይህ ፍተሻ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ለምን እንደሚዘለል ግን አይገባንም። 60 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 96 ሊትር ይይዛል። ሳንቲም ሲከመር በመሃሉ ክፍተት ስለሚኖር ብረቱ የሚሞላው 60 በመቶ ያህሉን ነው በሉ፤ 57.6 ሊትር። የሳንቲም ብር በሊትር 10.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሣጥኑ 593 ኪሎ መጣ። ባለ 22 ካራት ወርቅ ደግሞ በሊትር 17.5 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሣጥኑ ከአንድ ቶን ያልፋል። አንድ ሰው ገደል ላይ 40 ኪሎ ይሸከማል ብንል፣ ለብሩ 15፣ ለወርቁ 26 ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች ሣጥኑን ይዘው በሌሊት ወደ ጫካ ገቡ የሚል ወሬ እዚህ ላይ ይሰበራል። በዚያ ላይ የእንጨቱ ወለል ገና ከመሬት ሲነሳ ይቀደዳል።

በኮስታ ሪካዋ ኮኮስ ደሴት አለ የሚባለውን የሊማ ሀብት በዚህ ፈትኑት። ወሬው እንደሚለው በ1820 የሊማ ባለሥልጣናት የከተማዋን ሀብት ለካፒቴን ዊልያም ቶምፕሰን መርከብ በአደራ ሰጡ፤ እሱም ከድቶ ኮኮስ ላይ ቀበረው። በዝርዝሩ ውስጥ በሰው ቁመት ልክ የተሠራ የድንግል ማርያም የወርቅ ምስል አለ። የ60 ኪሎ ሰው ገላ 60 ሊትር ገደማ ነው፤ ንጹሕ ወርቅ ቢሆን 60 በ19.3 ሲባዛ 1,158 ኪሎ። «ውስጡ ክፍት ነው» ካሏችሁም ተከተሏቸው፦ 1.6 ካሬ ሜትር ገጽ፣ የአንድ ሴንቲ ውፍረት፣ 16 ሊትር፤ አሁንም 300 ኪሎ ያልፋል። ይህን ከጀልባ አውርዶ በኮኮስ ጭቃ ቁልቁለት ላይ ማን ገፋው?

ካርታውን መመርመር

ቦታው ላይ የኤክስ ምልክት ያለበት ካርታ ካሳዩአችሁ ተጠራጠሩ፤ ያንን ምስል ያስፋፋው በ1883 የታተመ ልብ ወለድ ነው። ሆኖም በጥርጣሬ ብቻ አትጣሉት፣ ፈትሹት።

ወረቀቱን በመስኮት ብርሃን ላይ ያዙት። የ1700 ወረቀት ከጨርቅ ቅዳጅ የተሠራ ነው፤ በውስጡ ትይዩ መስመሮችና ብዙ ጊዜም የአምራቹ ምልክት ይታያሉ። ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ወረቀት የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የብር ኖት መፈተሻውን ሰማያዊ መብራት አብሩበት፤ ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ካበራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ማንጪያ ኬሚካል አለበት። በሻይ የተነከረ ወረቀት መሃሉም ጠርዙም እኩል ቡኒ ይሆናል፤ በዕድሜ ቡኒ የሆነ ግን ጠርዙና እጥፋቱ ይጠቁራል።

ቀጥሎ ኬንትሮሱን እዩ። መርከበኞች በባሕር ላይ ኬንትሮስን በትክክል ማወቅ የቻሉት ከ1760ዎቹ ወዲህ፣ እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን የሠራው የባሕር ሰዓት ከተሞከረ በኋላ ነው። በ1720 ተሣለ የተባለ ካርታ ደቂቃና ሰከንድ ያለው ኬንትሮስ ከጻፈ፣ ሣዩ የኖረበትን ዘመን ራሱ ነግሯችኋል። መነሻውንም ጠይቁ፦ ግሪኒች ለዓለም የጋራ መነሻ የሆነው በ1884 ነው። ፈረንሳዮች ከፓሪስ ይቆጥሩ ነበር፣ እሱም ከግሪኒች በ2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ወደ ምሥራቅ ነው። በምድር ወገብ አጠገብ ይህ ስህተት 260 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ማለት ነው።

ቀን ሲቆጠር የሚፈጠረው ስህተት ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ሁለት አቆጣጠር ጎን ለጎን ይዞ መኖርን ለምደነዋል። ስፔን ወደ አዲሱ አቆጣጠር የተሻገረችው በ1582 ሲሆን እንግሊዝ እስከ 1752 በአሮጌው ቆየች፤ ልዩነቱ እስከ 1700 አሥር ቀን፣ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ነው። እንግሊዞች አዲስ ዓመታቸውንም በማርች 25 ይጀምሩ ስለነበር «ፌብሩዋሪ 1698» ብለው የጻፉት በዛሬው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1699 ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝና የስፔን መዝገብ አይገጥምም ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ።

«ከትልቁ ዛፍ 400 እርምጃ በሰሜን ምሥራቅ» ዓይነት መመሪያ ቢኖር ደግሞ ኮምፓሱ ራሱ ችግር ነው። ኮምፓስ የሚያመለክተው ሰሜን ከዘመን ዘመን ይንሸራተታል። ለንደን ላይ በ1580 ወደ ምሥራቅ 11 ዲግሪ ያዘነብል ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ምዕራብ 24 ዲግሪ ደረሰ። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖአ ከ1590 ወዲህ ያለውን ልዩነት ለየቦታው የሚያሳይ ነጻ ካርታ አለው፤ የደሴቲቱንና የዘመኑን ቁጥር ከዚያ አውጡ። የ10 ዲግሪ ስህተት በ300 ሜትር ላይ 52 ሜትር ያስታችኋል። እርምጃም እንዲሁ ነው፦ 75 ሴንቲ ነው ወይስ ጥንድ እርምጃ፣ ሜትር ተኩል? የስፔን ቫራ 84 ሴንቲ ገደማ፣ የፈረንሳይ ቷዝ 1.95 ሜትር ነው። ለየአማራጩ ክብ ሥሉ። ክቦቹ ተደምረው ግማሽ ደሴቲቱን ከሸፈኑ ካርታው ምንም አልነገራችሁም።

ምስጢራዊ ጽሑፍ ካለ፣ ሲፈቱት ስንት ፊደል «አረማችሁ» ብላችሁ ቁጠሩ። የሌቫሰር የተባለው ጽሑፍ የተጻፈው በማዕዘንና በነጥብ ፊደል በሚተካ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በቀጥታ ሲፈታ ስለ ጥንድ እርግብ የሚያወራ የተሰባበረ ፈረንሳይኛ ይወጣል። ወርቁ የሚገኘው ፈቺው ፊደል እየቀየረ ሲሄድ ብቻ ነው። ከአሥር ፊደል ከአንድ በላይ ከቀየራችሁ መፍታት ትታችሁ መጻፍ ጀምራችኋል።

መዝገብ ቤትና መሬቱ

ወሬው እስከዚህ ከተረፈ ብቻ መዝገብ ቤት ሂዱ። የእንግሊዝ የባሕር ወንበዴዎች የክስ መዝገብ በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በአድሚራሊቲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክምችት ውስጥ ነው፤ የስፔኑ በሴቪያ የኢንዲስ ቤተ መዛግብት አለ፣ ከፊሉም በኢንተርኔት ይታያል። «ሀብት» ብላችሁ አትፈልጉ። የመርከቧን ስም፣ የባለቤቱን አቤቱታና የምስክሮችን ቃል ፈልጉ። የተዘረፈ ነጋዴ ይጮኻል፤ የሚጮህ ሰው የሌለበት ትልቅ ዘረፋ አጠራጣሪ ነው።

መሬቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ኮኮስ ከባሕር ዳርቻው 550 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ ስፋቷ 24 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ በዓመት እስከ 7 ሜትር ዝናብ ይወርድባታል፤ ቁልቁለቱ ስለሚናድ የ1820 መሬት ዛሬ ባለበት የለም። ጀርመናዊው አውጉስት ጊስለር ከ1889 እስከ 1908 አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ኖሮ ሲቆፍር ያገኘው ጥቂት የወርቅ ሳንቲሞች ነው። ደሴቲቱ ከ1978 ወዲህ ብሔራዊ ፓርክ ናት፤ ሀብት ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። ሌላው ጉድጓድ ነው። ኦክ ደሴት ከሥሯ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም አለባት፤ ውሃ ሲያሟሟው መሬቱ በራሱ ይሰርጋል፣ የባሕር ውሃም ይገባል። ብዙዎች ይህንን የወንበዴ ወጥመድ ብለውታል። ኦገስት 17 ቀን 1965 እዚያ አንድ ሰው ጋዝ የታመቀበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ፤ ሊያወጡት የገቡት ሦስት ሰዎችም ከእሱ ጋር ሞቱ። ጋዝ መለኪያ፣ ንፋስ መንፊያና ከላይ የሚስብ ገመድ ሳይኖር ማንም አይግባ፤ የወደቀ ሰው ቢኖርም ተከትላችሁ አትግቡ።

ሳንቲም ቢገኝ

በ2014 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በአንድ የፍራፍሬ እርሻ ላይ ብረት መፈለጊያ የያዘ ሰው በ1693 የመን ውስጥ የተመታ ትንሽ የብር ሳንቲም አገኘ። በ1695 እንግሊዛዊው ወንበዴ ሄንሪ ኤቨሪ ባብ ኤል መንደብ ላይ አድፍጦ ቆይቶ፣ ከመካ መልስ የነበረችውን ጋንጂ ሰዋይ የተባለች መርከብ ዘርፎ ነበር፤ ሳንቲሙ ከዚያ ምርኮ ጋር የተያያዘው በዓመቱና በመጣበት አቅጣጫ ነው። የወንበዴ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ ሣጥን ሳይሆን ከኪስ የወደቀ።

ስለዚህ ሳንቲም ካገኛችሁ ወዲያው አታንሱት። አጠገቡ ማስመሪያ አኑራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ጥልቀቱን ለኩ፣ ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቡ። ከዚያ መዝኑት፦ የስፔን ባለ 8 ሬያል ብር 27 ግራም ገደማ ነው፤ ባሕር ውስጥ የቆየ ሊቀልል ይችላል፣ 20 ግራም ሆኖ ጽሑፉ ጥርት ያለ ከሆነ ግን አስመስሎ የተሠራ ነው። ማግኔት አስጠጉለት፤ ብር አይሳብም። ጠርዙን በማጉያ መስተዋት ዙሩት፤ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የስፌት መስመር ካለ በቅርጽ ፈሶ የወጣ እንጂ በመዶሻ የተመታ አይደለም። በሎሚም በጥርስ ሳሙናም አትጠቡት፤ ያ ጥቁር ቅርፊት ባለሙያው ስለ ሳንቲሙ ፍንጭ የሚያነብበት ነው። በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ ለአገሩ የቅርስ መሥሪያ ቤት አሳውቁ፤ እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ በሕግ «ሀብት» የሚባለውን ግኝት በ14 ቀን ውስጥ አለማሳወቅ ያስከስሳል።