ለኤአይ ዝርዝር አትሰስቱበት

ቃሊቲና ገላን አካባቢ ባሉ የመጋዘንና የፋብሪካ ቢሮዎች አሁን አሁን ኤአይ (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ፣ በጽሑፍ ሲያዙት የሚጽፍ ፕሮግራም) ያልሞከረ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ብዙው ሰው ግን አንድ መስመር ይጽፍለታል፣ የማይረባ ደብዳቤ ይመጣለታል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር አማርኛ አይችልም» ብሎ ይዘጋዋል። አማርኛው ላይ ድክመት አለበት፣ እውነት ነው። ዋናው ችግር ግን ከዚያ ይቀድማል። ስለ ሥራችሁ ምንም አልነገራችሁትም፤ ስለዚህ የጎደለውን በግምት ይሞላል፣ ግምቱ ደግሞ ከሌላ አገር ቢሮ የተቀዳ ነው።

«ዕቃ ለዘገየበት ደንበኛ ደብዳቤ ጻፍልኝ» ብላችሁ ከመተው እንዲህ በሉት፦

«ቃሊቲ ያለን የቆርቆሮ አከፋፋዮች ነን። ደንበኛችን ቱሉ ዲምቱ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ የቆየ ደንበኛ ነው። ሐሙስ 200 ቆርቆሮ እናደርሳለን ብለን ነበር፤ መኪናው ስለተበላሸ የሚደርሰው ቅዳሜ ነው። በአንቱታ ይቅርታ ጠይቅ። ከስድስት መስመር አይብለጥ። ቅናሽም ሆነ ካሳ ቃል አትግባ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሱ። ኤአይ ሰው ማስደሰት ይወዳል፤ ካልከለከላችሁት አለቃችሁ ያልፈቀዱትን ቅናሽ ጽፎ ቁጭ ይላል። የደብዳቤውን ቅርጽ ለማሳየት ደግሞ ከዚህ በፊት የተላከ ጥሩ ደብዳቤ ስሙን አጥፍታችሁ ለጥፉለት። ቁጥርና ቀን የት እንደሚገባ፣ «ጉዳዩ» እና «ግልባጭ» የት እንደሚቀመጡ በቃል ከማስረዳት ይሄ ይቀላል።

ሰዓትና ቀን ላይ በጣም ተጠንቀቁ። «3 ሰዓት» ስትሉት ፈረንጆቹ የሚሉት 3 ሰዓት ሊመስለው ይችላል፤ ስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ደግሞ ሹፌሩና ጫኝ አውራጆቹ ቀኑን ሙሉ ይጠፋፋሉ ማለት ነው። ስለዚህ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በውጭው 9 ሰዓት» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ቀንም እንደዚያው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር፤ ይህን አንዳንዴ በትክክል ይቀይረዋል፣ አንዳንዴ ጳጉሜን ሲደርስ ይምታታበታል። የጉምሩክና የትራንዚት ወረቀት ላይ ቀን ሲሳሳት ጣጣው ብዙ ስለሆነ በስልካችሁ ካሌንደር ራሳችሁ ቀይሩትና የተቀየረውን ስጡት።

ፔሮል (የሠራተኛ ደሞዝ ስሌት) የምትሠሩ ደግሞ ይህን አስተውሉ። የደሞዝ ግብር ሠንጠረዥ በሐምሌ 2017 ተቀይሯል። ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ኤአይ የተማረበት ጽሑፍ ግን አብዛኛው ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው፤ ዝም ብላችሁ «ግብሩን አስላ» ካላችሁት በልበ ሙሉነት የድሮውን ሊያመጣ ይችላል። የ10,000 ብር ደሞዝ ግብር በአዲሱ 1,650 ብር ነው፣ በድሮው 2,045 ብር ነበር። 395 ብር ከአንድ ሠራተኛ በየወሩ አላግባብ መቁረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሠንጠረዡን ራሳችሁ ለጥፉለት። መልሱን ሳይሆን የኤክሴል ፎርሙላውን ጠይቁት፣ ኤክሴል ያስላው። ከዚያ በ10,000 ብር ፈትሹት፤ 1,650 ካልመጣ ፎርሙላው ስህተት ነው።

የሕግ ጥያቄም ተመሳሳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ኤአይ ይህን በትክክል ነግሯችሁ አንቀጹን ግን ከራሱ ፈጥሮ ሊጽፍ ይችላል። የአዋጁን ጽሑፍ ስጡትና «ከዚህ ውስጥ ብቻ መልስ፤ ከሌለ የለም በል» በሉት።

ያመጣው ካልጣማችሁ «አስተካክል» ብቻ አትበሉ። «ሁለተኛው አንቀጽ ረዝሟል፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርስ» በሉት። ሌላ ጉዳይ ስትጀምሩ ኤአይው ላይ አዲስ የውይይት ገጽ ክፈቱ፤ የቆርቆሮው ወሬ የቅጥር ማስታወቂያው ውስጥ እንዳይገባ።

የሠራተኛ ስም ከነደሞዙ፣ የደንበኛ ስልክ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር አትለጥፉ። «ሠራተኛ 1»፣ «ደንበኛ ሀ» ብላችሁ ስጡት፤ ስሙን በኋላ ራሳችሁ ታስገባላችሁ። ሰው መረጃውን ለድርጅቱ የሰጠው አምኖ ነው።

በመጨረሻ፣ በደንብ የሠራላችሁን ትዕዛዝ አትጣሉት። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር በየቀኑ ከዜሮ መጻፍ ያሰለቻል። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፦ የድርጅቱ ማንነት፣ የደብዳቤው ናሙና፣ የሰዓቱ ማስታወሻ፣ የግብር ሠንጠረዡ ከነቀኑ። በሚቀጥለው ቀን ኮፒ አድርጋችሁ የዕለቱን ጉዳይ ብቻ ትጨምራላችሁ። ሠንጠረዡ በተቀየረ ቁጥር የቆየውን እዚያው አጥፉት።